ሞላው የወጣለት ጠመንጃ

ከዚራን የሚያውቅ ሰው ቤቶቿ ስንት ዓይነት ዕቃ ደብቀው እንደሚኖሩ ያውቃል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ሐዲድ ጋራ አብራ የተወለደች ከተማ ናትና፣ ከጂቡቲ ወደብ ወደ አገራችን የሚገባው ዕቃ ለብዙ ዘመን በእርስዋ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። የምድር ባቡሩ ኩባንያ መንገዱን በገመድ አቅንቶ በቀየሰው በዚህ ሰፈር፣ ዛፎቹ ከመንገዱ ማዶና ማዶ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ በሚገናኙበት ጥላ ሥር፣ ፈረንሳዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመናዊውና የኛው አገር የባቡር ሠራተኛ ጎን ለጎን ኖረዋል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ወደየአገራቸው ሄዱ፤ አንዳንዶቹም ዐረፉ፤ ዕቃቸው ግን በየጓዳው ቀረ። ቁልፉ የጠፋ የግድግዳ ሰዓት፣ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና፣ መርፌ የሌለው የሸክላ ማጫወቻ ያልተረፈበት ቤት ጥቂት ነው። እናንት ወጣቶች ደግሞ ቆራሌው በደጅ ሲጮህ ይህን ሁሉ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ለውጣችሁ ትገላገሉታላችሁ።

እኔ ልነግራችሁ ያሰብሁት ከእነዚህ ዕቃዎች ስለ አንዱ ነው፤ ይኸውም አንድ አሮጌ የአየር ጠመንጃ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ፣ ዕድሜውን ፊዚክስ ሲያስተምር የፈጀና ዛሬ ጡረታ የወጣ ሰው ስለ ጠመንጃ መጻፉ የሚያስደንቃችሁ እንደ ሆነ እስከ ፍጻሜው ታገሡኝ።

ጠመንጃውን የሰጡኝ የጎረቤታችን የአንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ባለቤት የነበሩ አሮጊት ናቸው። ባለቤታቸው በጥገናው ክፍል ብዙ ዘመን ሠርተው ያረፉ፣ ቃላቸው ጥቂት፣ እጃቸው ግን የማያውቀው ነገር ያልነበረ ሰው ነበሩ። ልጆች ሳለን በበራቸው ስናልፍ፣ ያ ጠመንጃ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ከፎቶግራፎቹ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ በመስኮቱ ይታየን ነበር። በ2015 ዓ.ም. ቤቱ ሊታደስ ግድግዳው ሲራገፍ እትዬ አስጠሩኝና፣ «አንተ እንዲህ ያለውን ነገር መነካካት ትወዳለህ፤ ቆራሌው ከሚወስደው አንተ ውሰደው» ብለው በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ቤቴ ደርሼ ነጠላውን ብገልጠው ብረቱ በዝገት ተሸፍኗል፤ ሰደፉም ደርቆ አመድ መስሏል። ቢሆንም ክብደቱ ሦስት ኪሎ የማይሞላ፣ ሲይዙት ለእጅ የሚስማማ መልካም ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። ዝገቱን በጨርቅ ጠረግ ባደርገው በሲሊንደሩ ላይ አንዲት ሴት ጠመንጃ ከራስዋ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ቀስትና ፍላጻዋን ከእግርዋ ሥር የጣለች ሆና ተቀርጻ አየሁ። ይህች ሴት ዲያና ናት፤ ሮማውያን የአደን አምላክ የሚሏት፣ ግሪኮችም አርጤምስ ብለው የሚጠሯት፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 በኤፌሶን ከተማ ያ ሁሉ ሁከት የተነሣላት እርስዋ ናት። ያስተማሩን አባቶች ስሟን ሲያነሡ ፊታቸውን ያጠቁሩ ነበር፤ እኔ ግን በስተርጅናዬ ጓዳዬ ድረስ መጣችብኝ።

ምልክቱ ማየርና ግራመልስፓኸር የተባሉ ሁለት ሰዎች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1890 በጀርመን አገር በራስታት ከተማ ያቋቋሙት ፋብሪካ ምልክት ነው። ፋብሪካው ራሱ ብዙ መከራ ያየ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መሣሪያዎቹ የጦር ካሣ ተብለው ወደ ስኮትላንድ ተወሰዱ፤ ዲያና የሚለውም ስም አብሮ ተወሰደበት፤ ሰዎቹ ግን በ1950 ገደማ እንደ ገና ሥራ ጀመሩ። የኛው ጠመንጃ ሞዴል 27 የሚባለው ሲሆን፣ ከሲሊንደሩ በስተኋላ የተመታው ትንሽ ቁጥር በ1960 እንደ ተሠራ ያመለክታል።

ይህ ዓይነት ጠመንጃ ባሩድ አያውቅም። አፈሙዙ በማጠፊያ ላይ እንዳለ በር ወደ ታች ይሰበራል፤ በተሰበረም ጊዜ ከሥሩ ያለው ዘንግ ፒስተኑን ወደ ኋላ እየገፋ፣ በስተኋላው ያለውን ሞላ፣ ማለት እንደ እባብ የተጠቀለለውን ወፍራም የብረት ሽቦ ያጨማድደዋል። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ይፈታል፤ ፒስተኑ ወደ ፊት ይወረወራል፤ በፊቱ ያገኘውንም አየር በድንገት ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀውም አየር በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ከአፈሙዙ ሥር የተቀመጠችውን የእርሳስ ጥይት ያስወነጭፋታል። የብስክሌት ጎማ ስትነፉ መንፊያው እጃችሁን ሲያሞቀው አላያችሁምን? በጠመንጃውም ውስጥ የሚሆነው እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ መፍጠኑ ብቻ ነው። የኦስትሪያ ጦር በ1780 ገደማ ለወታደሮቹ ያስታጠቀው የጂራርዶኒ የአየር ጠመንጃ አየሩን አስቀድሞ በጋን እንደሚሞላ ውኃ በሰደፉ ውስጥ አጠራቅሞ የሚይዝ ነበር፤ ይህኛው ግን ምንም አያጠራቅምም። ለእያንዳንዷ ጥይት ክንዳችሁ አንድ ጊዜ መድከም አለበት። የሚተኩሰው እንግዲህ የገዛ ክንዳችሁ ነው፤ ጠመንጃው ድካማችሁን ለጥቂት ጊዜ ይዞ በምላጩ በኩል ይመልሳል እንጂ ከራሱ የሚጨምረው ነገር የለም።

ስለዚህ ነው ልሞክረው አፈሙዙን በሰበርሁት ጊዜ የደነገጥሁት። ይታገለኛል ብዬ የጠበቅሁት ብረት እንደ ላላ በር ዝም ብሎ ወደ ታች ወረደ። ከሰደፉ አውጥቼ በስተኋላ ስመለከተው ፒስተኑ አለ፤ ሞላው ግን የለም። ተሰብሮም አልነበረም፤ ስብርባሪ የለማ! አንድ ሰው በብልሃት ፈትቶ፣ ሞላውን ብቻ አውጥቶ፣ የቀረውን ሁሉ በየቦታው መልሶ ገጥሞታል።

ወደ እትዬ ተመልሼ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እርሱ ነው ያወጣው» አሉኝ።

ነገሩ የሆነው በ1964 ዓ.ም. ነው። እኔም ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁና በሰፈሩ ሲንሾካሾኩበት በዳርቻው ሰምቼዋለሁ፤ ሙሉውን የሰማሁት ግን ከእሳቸው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጃቸው ከበረንዳው ላይ ሆኖ በዛፉ ላይ ያረፈችውን ርግብ አነጣጥሮ ተኰሰ። ርግቢቱን ሳታት። ጥይቷም በቅጠሉ መካከል አልፋ፣ አጥሩንና መንገዱን ተሻግራ፣ በማዶ ቸርኬ ይነዳ የነበረውን የአንድ ዘበኛ ልጅ ቀኝ ዓይኑን መታችው። ልጁ ዕድሜው ዘጠኝ ነበር። ሐኪሞች ደከሙለት፤ ዓይኑ ግን አልተረፈም።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ካሣም ተቈረጠ። አባትየው የተቈረጠባቸውን ከፈሉ፤ ከዚያም በላይ ማንም ሳያስገድዳቸው ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪጨርስ ድረስ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የደብተሩንና የልብሱን ወጪ ይልኩ ነበር። በዚያው ማታ ሞላውን አወጡት፤ ደቻቱ በክረምት ጎርፍ በሞላም ቀን ከድልድዩ ላይ ጣሉት። ጠመንጃውን ግን አልጣሉትም፤ በግድግዳው ላይ ሰቀሉት። እትዬ «ይህን ክፉ ነገር ለምን ከቤት አታወጣውም?» ቢሏቸው፣ «ከወጣ ይረሳል» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ በቤቱ አልተነገረም።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ጠመንጃውን ሁለት ሳምንት ያህል በነጠላው እንደ ተጠቀለለ ተውሁት። ዕቃ ቢበላሽ ይጠገናል፤ ይህ ግን የተበላሸ ዕቃ አልነበረም። አንድ አባት አስቦበት ባዶ ያደረገው ነው። ለልጁ በአፉ ሊናገር ያልቻለውን ነገር በዚህ ባዶ ብረት በየቀኑ ሲናገር ኖሯል። እኔ ሞላ አስገብቼ ብመልሰው የእርሳቸውን ቃል መሻሬ አይሆንምን? አንድ ወዳጄ «አንተም ደቻቱ ጣለው» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ሁሉም ካለፈ በኋላ ይህ ምን ያስጨንቃል?» አለ። ሁለቱም ምክር አላጠገበኝም፤ የመጀመሪያው የሰውየውን «ከወጣ ይረሳል» ማለት ይቃወማል፤ ሁለተኛው ያለፈው ለማን እንዳለፈ አልጠየቀም።

እንደ ገና እትዬን ጠየቅሁ። «እርሱ የሰቀለው ለልጁ ነበር» አሉኝ። «ልጁ ዛሬ ስልሳ አልፎታል፤ የሚኖረውም ባሕር ማዶ ነው። እኔን አትጠይቀኝ፤ ዓይኑ የጠፋበትን ሰው ጠይቀው።»

ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው። ደቻቱን ተሻግሬ፣ መጋላ ገብቼ፣ ከከፊራ ገበያ አጠገብ ከምትገኘው ሱቁ በር ላይ ከመኪናው ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። በመልክ እንተዋወቅ ነበር። እኔ የምለው ጠፍቶኝ ስለ ሥራው ስጠይቀው፣ መርፌ ላይ ክር እየሰካ፣ «ዓይን አንድ ሲሆን የሚጠፋው ቀለም አይደለም፤ ርቀት ነው» አለኝ። ልጅ ሳለ ኳስ ሲወረውሩለት እጁን የሚዘረጋው ኳሱ ካለፈ በኋላ ነበር። ውኃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሰው ነበር። ይህን ሥራ ሲጀምር ደግሞ ክሩን ከመርፌው ቀዳዳ በስተፊትና በስተኋላ እየወጋ ቀኑ ይመሽበት ነበር፤ በኋላ የክሩን ጫፍ በመርፌው ብረት ላይ አስነክቶ ከዚያ ወደ ቀዳዳው ማንሸራተትን ራሱ ፈለሰፈ። ይህን ሁሉ የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ነው።

በመጨረሻ የመጣሁበትን ነገርሁት። እግሩን ከመኪናው ላይ አነሣ። የድሬዳዋ ሰው ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ማለት ልማዱ ነውና፣ «አንተ መምህር» አለኝ፣ «እኚያ ሰው መልካም ሰው ነበሩ። ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን ያን ጠመንጃ በመስኮቱ ፊት ለፊት ሲሰቅሉት እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ለልጃቸው የሰቀሉትን እኔም በየቀኑ ሳየው ነው ያደግሁት፤ ትምህርት ቤት የምሄደው በዚያ በኩል ነበርና።» ከዚያም ጨርቁን እንደ ገና ወደ መርፌው እየገፋ፣ «ሥራው፤ ሲያልቅ ግን ጥራኝ። ልጠይቅህ የምፈልገው ነገር አለኝ» አለ።

ወደ ቤት ስመለስ ያ መስኮት በዓይኔ ላይ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ጠመንጃውን ከውጭ ወደ ውስጥ ስናየው፣ ከእኛ መካከል አንዱ በምን ዓይን እንደሚያየው ያሰበ አልነበረም።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ዕቃው በእጄ መኖሩን ለአካባቢያችን ፖሊስ አመለከትሁ። በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቷልና፣ መጫወቻ ነው ወይስ መሣሪያ ነው ብሎ ለራስ ከመፍረድ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር በአያታችሁ ቤት ብታገኙ እንዲሁ አድርጉ።

ክረምት ነበርና የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ መጥቶ እኔ ዘንድ ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜው አሥራ አምስት ነው። ጠመንጃውን ባየ ጊዜ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «አባባ፣ ወፍ ይገድላል?» የሚል ነበር። «ይገድላል» አልሁት። የልብስ ሰፊውን ነገር ግን ያን ቀን አልነገርሁትም፤ መጀመሪያ ብረቱን ይወቀው ብዬ ነው።

ከመፍታት በፊት መጻፍን አስተማርሁት። እያንዳንዱ ብሎን በወጣበት ተራ በካርቶን ላይ እየተሰካ ስሙና ቦታው በጎኑ ተጻፈ። የካቻቢቴውን ጫፍ እንደ ብሎኑ ስንጥቅ ልክ በሞረድ አስተካከልነው፤ ያልተስተካከለ ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ ራሱ የተበላ ብሎንም ከዚህ በፊት የነካው ሰው ችኩል እንደ ነበረ ለዘለዓለም ይመሰክራል። በምላጩ ክፍል ውስጥ ፒስተኑን ይዘው የሚያቆሙ ሦስት ትንንሽ የብረት ኳሶች አሉና፣ ሲፈታ ወድቀው እንዳይጠፉ ከሥሩ ነጭ አንሶላ አነጠፍን። አንዷ ግን እንደምንም ብላ ከአንሶላው አመለጠችና ግማሽ ቀን በሆዳችን እየተሳብን ፈለግናት። ከአልጋ እግር ሥር ተገኘች።

ዝገቱን በነጭ ጋዝ አርሰን፣ ከዚያም በዘይት በተነከረ ቀጭን የብረት ሱፍ ቀስ ብለን አሸነው። የልጅ ልጄ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ እንደ መስተዋት ሊያበራው ፈልጎ ነበር፤ እኔ ከለከልሁት። ዝገቱን ማውጣት ሌላ ነው፤ ዕድሜውን ማውጣት ሌላ ነው። በሰደፉ በግራ በኩል በካራ የተቈረጡ ሁለት ፊደላት አሉ፤ የዚያ ልጅ ስም መጀመሪያ ሳይሆኑ አይቀሩም። እነርሱንም አልነካናቸውም።

ለሞላው አንድ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ቶርኖ ሠሪ ዘንድ ሄድን። ጋሼ ለባቡሩ የሚያስፈልገውን ብረት፣ ከውጭ እስኪመጣ ሳይጠብቁ፣ ከጥሬው ቀርጸው ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። አሮጌው ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ከተዳከመ ወዲህ፣ ይልቁንም በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከተመረቀ በኋላ፣ እንዲህ ያለውን እጅ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ሆኗል። እኔን ትተው የልጅ ልጄን፣ «ሞላ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። «የተጠማዘዘ ሽቦ» አላቸው። «አይደለም፤ የሚያስታውስ ብረት ነው» አሉት።

ከዚያም አሳዩት። ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን የሞላ ሽቦ በቶርኖው በሚዞር ዘንግ ላይ ጠመጠሙት፤ ዘንጉ ግን ከሚፈለገው ሞላ ቀጠን ያለ ነበር። ለምን ቢላቸው፣ ሽቦው ሲለቀቅ ወደ ቀድሞው ቀጥታነቱ ሊመለስ እየታገለ ይሰፋልና አስቀድሞ ይታሰብለታል አሉት። በእውነትም ሲለቁት እንደ ሕያው ነገር ተንፈራግጦ ሰፋ፤ ልኩንም ያዘ። ሁለቱን ጫፎች በድንጋይ ሞርደው አስተካከሉ። የቀረው ሽቦው በመጠምዘዙ ያደረበትን ውጥረት ማላላት ነበር፤ ለዚህም ወደ 250 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ለግማሽ ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ወደ ሰፈራችን ዳቦ ቤት ወሰድነው። ጋጋሪው ሞላውን በመጥበሻው ላይ አገላብጦ አየና፣ «ይኸ ደግሞ እርሾው ስንት ነው?» ብሎ አሳቀን።

ቀጥለን ሞላውን በሞርሳ ሙሉ በሙሉ አጨማድደን አሳደርነው። ጠዋት ሲለካ ጥቂት አጥሮ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ግን ደጋግመን ብንጨምቀውም አላጠረም። ጋሼ ይህን አስቀድመው ነግረውን ነበር። ሆኖም ሞላ ተጨማዶ ለወራትና ለዓመታት ቢተው ጉልበቱ ይደክማል፤ ስለዚህ የአየር ጠመንጃ ተወጥሮ አይቀመጥም።

የፒስተኑን አፍ የሚያሽገው ክብ ቆዳ በስብሶ ስለ ነበር፣ ከአንድ ጫማ ሰፊ ወፍራም የበሬ ቆዳ ገዝተን፣ በውኃ አርሰን፣ በክብ ብረት ውስጥ ተጭነን እንደ ጽዋ አደረግነው፤ በደረቀም ጊዜ በቀለጠ ሞራ ነከርነው። ቆዳው ሞራውን ሲጠጣ የሚሰማው ሽታ ቤቱን ሁሉ ሞላው፤ ባለቤቴም ሁለት ቀን አኰረፈችን። ይህ ሥራ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። የመኪና ቀጭን ዘይት በሲሊንደሩ ውስጥ ቢፈስስበት፣ በድንገት የሚጨመቀው አየር እስከ ማቀጣጠል ድረስ ይግላልና፣ ጠመንጃው እንደ ባሩድ ይጮሃል፤ ሞላውንም እስከ መስበር ይደርሳል።

ሰደፉን በተልባ ዘይት አሸነው። የተልባ ዘይት ከሌላው ዘይት የሚለየው በአየር ውስጥ ቀስ በቀስ እየረጋ እንደ ቅርፊት በእንጨቱ ላይ መድረቁ ነው፤ ዘጠኝ ቀን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቀባነው፤ አመድ የመሰለውም እንጨት የማር ቀለም አወጣ። ነገር ግን ይህ መድረቅ ሙቀት ያወጣል፤ በዘይቱ የተነከረ ጨርቅ ተጨብጦ ቢጣል ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቅ አገር ይልቁንም ጨርቁን በገመድ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ነው እንጂ በጥግ መጣል አይገባም።

መልሰን ስንገጥመው ሞላውን በአናጢ መጭመቂያ ይዘን፣ ፊታችንን ከስተኋላው አርቀን ነው። የገጠምነውም ቀን፣ ከመተኰሱ በፊት፣ የልብስ ሰፊውን ታሪክ ለልጁ ነገርሁት። ምንም አልመለሰልኝም። ማታ ግን ከበረንዳው ላይ ቆሞ ዛፉን፣ አጥሩን፣ ከአጥሩ ማዶ የሚያልፈውን ሰው ሲመለከት አየሁት።

በጓሮው፣ ከግንቡ ሥር፣ በደቻቱ አሸዋ የተሞላ ሳጥን አኖርን፤ በፊቱም ክብ የተሳለበት ካርቶን። ርቀቱ አሥር ሜትር ነው፤ ከ1984 ወዲህ በኦሎምፒክ የሚደረገውም የአየር ጠመንጃ ውድድር በዚሁ ርቀት ነው። ጥይት ሲጐርስ የተሰበረውን አፈሙዝ በአንድ እጅ አጥብቆ መያዝ ግዴታ ነው፤ ምላጩ ቢያመልጥ አፈሙዙ ተስፈንጥሮ ጣት ይቈርጣልና። ያለ ጥይት አይተኰስም፤ ፒስተኑ የሚያበርደው አየር ስለሚያጣ ብረት ከብረት ይጋጫል። የሚተኩሰውም የሚመለከተውም መነጽር ያደርጋል። ጥይቷ እርሳስ ናትና ከጨዋታው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል።

ሁሉም ሲዘጋጅ ልብስ ሰፊውን ጠራሁት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ጠመንጃውን አልነካውም። መጀመሪያ የጠየቀኝ ጥይቷን እንዳሳየው ነው። ከቆርቆሮው አንድ አንሥቼ በመዳፉ ላይ አኖርሁለት። ወገቧ የጠበበ፣ ከምስር ፍሬ ብዙ የማትበልጥ፣ ክብደቷ ግማሽ ግራም ያህል ናት። መዳፉን ወደ ዓይኑ አቀረበ፤ አራቀ። «ይህቺ ናት?» አለ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አይቷት አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያን ሊጠይቀኝ የፈለገውን ጠየቀኝ። «ያን ቀን ድምፅ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዞር አልሁ፤ ስዞር መታኝ። ሰው ግን ድምፅና ጥይት እኩል ነው የሚደርሰው ይለኛል። እናቴ እንኳ እስክትሞት ድረስ 'ባትዞር ኖሮ' ትል ነበር። እኔ ፈሪ ሆኜ ነው ወይ የዞርሁት? ነው ወይስ ተሳስቼ ነው የማስታውሰው? አንተ ይህን አስተምረሃል።»

ወረቀት አመጣሁ። በረንዳውንና እርሱ የቆመበትን ስፍራ አስቀድሜ በእርምጃ ለክቼው ነበርና ሃምሳ ሜትር ያህል ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ጥቂት ይጨምራል። ይህች ጥይት ግን ከአፈሙዙ ስትወጣ በሰከንድ 150 ወይም 170 ሜትር ናት፤ እየሄደችም ትደክማለች። እንግዲህ ድምፁ ከእርሱ ዘንድ የደረሰው በሰከንድ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ጥይቷ ግን ሲሦ ሰከንድ አልፏት ነው። በመካከሉ ሩብ ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ አለ፤ ይህም አንድ ሕፃን ስሙን የጠሩት መስሎት ፊቱን ዘወር ለማድረግ የሚበቃው ነው። «አልተሳሳትህም» አልሁት፤ «ድምፁ ቀድሞሃል። ሰው ሁሉ ድምፅ ወደ ሰማበት ይዞራል፤ ይህ ፍርሃት አይደለም፤ ጆሮ ያለው ፍጥረት ሁሉ የሚያደርገው ነው።»

ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ተመለከተው። የልጅ ልጄ ከበሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «በል ተኵሱት፤ ድምፁን ልስማው» አለ። ልጁ ወደ አሸዋው ሳጥን አንድ ጊዜ ተኰሰ። ደረቅ ጣት ጠረጴዛ ላይ እንደሚመታ ያለ አጭር ድምፅ ነው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና፣ «ይኸው ነው» አለ። ከመሄዱም በፊት ያቺን ጥይት ሊወስዳት ጠየቀኝ፤ በሸሚዙ ኪስ ጨምሮ ወሰዳት።

ከዚያ ወዲህ ጠመንጃውን ለመግዛት የጠየቀኝ ሰው ነበር። በበዓል ቀን በመንገድ ዳር ፊኛ ሰቅሎ ሕዝቡን በሳንቲም ሊያስተኵስበት ነው። የሰጠኝ ዋጋ ለጡረታ ሰው የሚናቅ አይደለም፤ የሰውየውም እንጀራ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ከፊኛው በስተኋላ ምን እንደሚያደርግ ብጠይቀው፣ «ከኋላው ምን አለ? መንገድ ነው እንጂ» አለኝ፤ እኔም ቡና አስጠጥቼ ሸኘሁት።

ጠመንጃው ዛሬ በግድግዳ ላይ አይደለም። የት ይሁን ብዬ ልብስ ሰፊውን ብጠይቀው፣ «መስኮት በሌለበት» አለኝ፤ ስለዚህ በቁም ሣጥን ውስጥ ሞላው ላልቶ ተኝቷል፤ ቁልፉም ከባለቤቴ ጋራ ነው። የልጅ ልጄ በየክረምቱ ይመጣል፤ ሲደርስ አስቀድሞ ሞላውን ይለካል፤ ልኩንም በደብተር ይጽፋል። ልብስ ሰፊው በራሱ ጥያቄ መተኰስ ጀምሯል። ቀኝ ዓይኑ ስለሌለ ሰደፉን በግራ ትከሻው ያደርጋል፤ «እናንተ አንዱን ዓይን ለመጨፈን ስትታገሉ ጊዜ ታጠፋላችሁ» እያለ ይቀልድብናል። ርቀቱ የተለካ አሥር ሜትር ስለ ሆነም ርቀት መገመት አያስቸግረውም። ባለፈው ክረምት እርሱና የልጅ ልጄ አሥር አሥር ጥይት ተኰሱ። ልጁ ስድስቱን በክቡ ውስጥ አገባ፤ ልብስ ሰፊው ሰባት። ካርቶኑን አራት አጥፎ ወደ መጋላ ይዞት ሄደ።